ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ፦ የመጀመሪያ ልጅሽን ስትጠብቂ የዕለት ኑሮሽን እንዴት ታስተካክያለሽ?

«አረገዝኩ» ብለው የሚነግሩኝ እህቶች ትንሽ ቆይተው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ሥራዬን እንደ ድሮው ልቀጥል? በጀርባዬ ብተኛ ልጁን እጎዳዋለሁ? ይሄ የሚሰማኝ ነገር የእርግዝና ነው ወይስ ሕመም? ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ይጠፋባቸዋል። ተመርምረው፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ይዘው ይመለሳሉ። እስከዚያ ቀጠሮ ድረስ ያሉትን ሳምንታት የሚያሳልፉት ብቻቸውን ነው።

ይህ መመሪያ ለእነዚያ ሳምንታት ነው። ሐኪምሽን ወይም አዋላጅ ነርስሽን አይተካም። መንታ ካረገዝሽ ወይም የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለብሽ፣ እዚህ ከምታነቢው ይልቅ እነሱ የነገሩሽን አስቀድሚ።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ (ስልክሽም ይሆናል፤ ደብተር ግን ባትሪ አይጨርስም)
- የክትትል ካርድሽ፣ ከቤት በወጣሽ ቁጥር አብሮሽ የሚሄድ
- የውሃ መያዣ ጠርሙስ
- ሁለት ወይም ሦስት ትራስ
- ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ የማያንሸራትት ጫማ
- ሆድሽን የማያጠብቅ ልብስና ልኩ የሆነ ጡት ማስያዣ
- የሐኪም ቤቱ፣ የባልሽና መኪና ያለው የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር፣ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ
- አንድ መካከለኛ ቦርሳ፣ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት

ማስጠንቀቂያ፦ ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ይህን ከደረጃዎቹ በፊት ያስቀመጥኩት ሌላውን ሳትጨርሺ ብትተዪው እንኳ ይህን እንድታነቢ ነው። ከሚከተሉት አንዱን ካየሽ «እስከ ነገ ልየው» አትበዪ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

- ከብልት የሚፈስ ደም፣ ምንም ሕመም ባይኖረውም
- ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም እየመጣ እየሄደ የሚደጋገም ቁርጠት
- የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭልጭታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ኃይለኛ ሕመም፣ ድንገት የመጣ የፊትና የእጅ እብጠት
- የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም
- 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
- ውሃ እንኳ ሆድሽ ውስጥ እስከማይቆይ ድረስ ማስመለስ
- የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መታመም፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር
- ሽፍታ ሳይኖር የእጅ መዳፍንና የውስጥ እግርን እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ
- መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት
- ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ብዙ ሴቶችን ያታልላል። ራስ ምታቱን ለድካም፣ እብጠቱን ለእርግዝናው ይሰጡታል። ከቆሙበት ውለው ማታ ላይ የሚያብጥና ሲያርፉ የሚጎድል የእግር እብጠት የተለመደ ነው። ፊት ላይ ድንገት የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ሐኪም ሳያየው መዋልና ማደር የለበትም።

ደረጃ 1፦ ሳምንትሽን ቁጠሪ፣ ክትትል ጀምሪ

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ተነስተሽ 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ቁጠሪ፤ የመውለጃሽ ግምት እሱ ነው። ግምት ነው ያልኩት፣ ልክ በቀኑ የሚወለዱት ጥቂት ሕፃናት ስለሆኑ ነው። ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል ብለሽ ተዘጋጂ። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ ወይም ቀኑን ካላስታወስሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትነሺው አልትራሳውንድ ዕድሜውን ጥሩ አድርጎ ይነግርሻል።

ሳምንቱን ማወቅ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በሳምንት ስለሚለካ ነው። ምርመራው፣ የልጁ እንቅስቃሴ፣ «ይህ ምጥ ቀድሞ መጣ ወይስ ጊዜው ነው?» የሚለው ሁሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40ኛው ሳምንት። ደህና ነኝ ብለሽ አትቅሪ። የደም ማነስ፣ የግፊት መጨመርና የስኳር መጠን ከፍ ማለት ምንም ሳይሰሙሽ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሚታወቁት በምርመራ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የደም ዓይነትሽን ጠይቂና ጻፊው። መጨረሻው ኔጌቲቭ ከሆነ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሚሰጠው መርፌ ጠይቂ። የአንቺና የልጅሽ ደም ካልተስማማ የሚቀጥለውን እርግዝና ጭምር ሊጎዳ ይችላል፤ መርፌው ያንን ይከላከላል።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን ለሁለት ክፈይው

በአንዱ ገጽ «የተሰማኝ»፣ በሌላው «የምጠይቀው» ብለሽ ጻፊ። አንድ ነገር ሲሰማሽ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን ያህል እንደቆየ አስፍሪ። ጥያቄ ሲመጣብሽም እዚያው ጻፊው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ቢሆን። ቀጠሮ ስትሄጂ በጣም ያሳሰበሽን ከላይ አድርጊና ገና ስትቀመጪ አንብቢው። ተነስተሽ ልትወጪ ስትዪ የምትጠይቂው ጥያቄ በችኮላ ነው የሚመለሰው።

«ቁርጠት ነበረኝ» ከማለት «ከትናንት ማታ ጀምሮ አራት ጊዜ፣ ስተኛ ይተወኛል» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ደረጃ 3፦ ጠዋት ከአልጋ ከመውረድሽ በፊት

ማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፤ ለብዙዎች ከ12ኛው እስከ 16ኛው ባለው ጊዜ ይቀላል። እስከዚያው እንዲህ አድርጊ፦

1. ማታ ራስጌሽ ደረቅ ብስኩት ወይም ቁራሽ ዳቦ አስቀምጪ።
2. ጠዋት ሳትነሺ ጥቂት ብዪ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል።
3. ጥቂት ደቂቃ ቁጭ በዪና ቀስ ብለሽ ተነሺ። በእርግዝና ጊዜ ድንገት ስትነሺ ግፊትሽ ቶሎ ስለሚወርድ ያዞርሻል።
4. ቀኑን ሙሉ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ። ውሃውንም በትንሽ በትንሹ ጠጪ፤ አንድ ላይ የተሞላ ሆድ ቶሎ ይመልሳል።
5. የምግብ ሽታ ከከበደሽ ሌላ ሰው ያብስል። የቀዘቀዘ ምግብ ከትኩስ ያነሰ ይሸታል። ዝንጅብልም ብዙዎችን ይረዳል።

ካስመለሰሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትቦርሺ። የጨጓራ አሲድ የጥርስን ሽፋን ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ በዚያ ሰዓት መቦረሽ ይልጠዋል። በውሃ ተጉመጥመጪ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ቦርሺ። ድድሽ ቢደማም መቦረሽ አታቁሚ፤ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሚ። የጥርስ ሕክምናም ቢያስፈልግሽ እርጉዝ መሆንሽን ተናግረሽ መታከም ትችያለሽ።

አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልረጋልሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ክብደትሽ ከወረደ ግን «ያልፋል» አይባልም። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጥ ማስመለስን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ሂጂና ጠይቂ።

ደረጃ 4፦ እንክብሎችሽን በቋሚ ሰዓት ውሰጂ

ሁለት ነገር ነው በብዛት የሚሰጥሽ፤ ፎሊክ አሲድና አይረን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድና ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ይመክራል። ያንቺን መጠን የሚወስነው የደም ምርመራሽ ስለሆነ ከጓደኛሽ ጋር አታስተያዪው።

ፎሊክ አሲድ የልጁ አንጎልና አከርካሪ በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል። ይህ የሚሆነው ፅንሱ በተፈጠረ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን ገና ባላወቁበት ጊዜ። ስለዚህ ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ አሁኑኑ ጀምሪ። አርግዘሽም ከሆነ ዛሬ ጀምሪ።

አይረን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦

- በውሃ ወይም እንደ ብርቱካን ባለ ፍራፍሬ ጭማቂ ውሰጂው፤ ቫይታሚን ሲ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል።
- ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር አትውሰጂው። ሰውነትሽ እንዳይቀበለው ያግዱታል። ቢያንስ አንድና ሁለት ሰዓት አራርቂ።
- የካልሲየም እንክብልም ከተሰጠሽ በሌላ ሰዓት ይሁን።
- ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፤ ከአይረኑ ነው።
- ካቅለሸለሸሽ ማታ ከምግብ በኋላ ሞክሪው። ካልሆነም ተናግረሽ አስቀይሪ። ዝም ብለሽ ማቆም ግን ወደ ደም ማነስ ይወስድሻል። የደም ማነስ ያለባት እናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም ለመቋቋም ትቸገራለች።

ጥንቃቄ፦ ራስ ምታት ሲይዝሽ ቤት ያገኘሽውን ክኒን አትዋጪ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የልጁን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ለሕመምና ለትኩሳት የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ። የብጉር መድኃኒት፣ የፊት ቅባት፣ ከዕፅዋት የተቀመመ ማንኛውም ነገር ካለሽ ሳትጠይቂ አትጠቀሚ። በሌላ በኩል ለአስም፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘልሽን መድኃኒት በራስሽ አታቋርጪ። ማቋረጡ ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ምግብና መጠጥ

«ለሁለት ሰው ብዪ» ይሉሻል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ አያስፈልግሽም ማለት ይቻላል። በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት በቀን ወደ 340፣ በመጨረሻዎቹ ወደ 450 ካሎሪ ነው የሚጨመረው። ይህም አንድ ተጨማሪ ቀለል ያለ ምግብ ነው። ከመጠኑ ይልቅ ዓይነቱ ላይ አተኩሪ፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ የፈላ ወተት።

የምትተዪው እነዚህን ነው፦

- ጥሬ ወይም በግማሽ የበሰለ ሥጋ፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ አይብ። እነዚህ የሚያመጧቸው ተህዋስያን አንቺን ቀለል አድርገው ቢያልፉሽም ወደ ፅንሱ ሊሻገሩ፣ ውርጃም ሊያስከትሉ ይችላሉ።
- ሳይታጠብ የሚበላ አትክልት
- ጉበት በብዛት። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ይጎዳል።
- አልኮል፣ በማንኛውም መጠን። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም።
- ሲጋራ፣ ሌላ ሰው አጠገብሽ የሚያጨሰውም ጭምር

ቡና ሙሉ በሙሉ መተው የለብሽም። በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን አትለፊ። እንደ ውፍረቱ ቢለያይም አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ስኒ ያህል ነው። ሻይና ኮካም እዚያው ላይ ይደመራሉ።

ውሃ በበቂ መጠን መጠጣትሽን ሽንትሽ ይነግርሻል። ነጣ ካለ በቂ ነው፤ ከደፈረሰና ከጠቆረ ጨምሪ። ቃር ሲያስቸግርሽ ደግሞ እራትሽን ቀደም አድርጊ፤ ከበላሽ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰዓት አትተኚ፤ ስትተኚም ራስጌሽን ከፍ አድርጊ። እርግዝና የጨጓራን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻ ስለሚያላላ ጋደም ስትዪ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል።

ደረጃ 6፦ ሥራና እንቅስቃሴ

እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ጤናማ ከሆነ መንቀሳቀስ ይጠቅማል። ግብሽ በሳምንት 150 ደቂቃ ይሁን፤ ለምሳሌ በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ ልኩ ነው። ትንፋሽሽ እየተቆራረጠ ማውራት ካቃተሽ ቀንሺ። ስትንቀሳቀሺ ደም፣ ፈሳሽ፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ አቁሚና ታዪ። ሊጥሉሽ ከሚችሉ ስፖርቶችና ከሙቅ ሳውና ራቂ።

ዕቃ ስታነሺ ከወገብሽ አትጎንበሺ። ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ፣ ወገብሽን ሳታዞሪ ተነሺ። በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፣ የሰውነትሽ ሚዛንም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ድሮ በቀላሉ ታነሺው የነበረው ዕቃ ዛሬ ወገብሽን ሊቀጭሽ ይችላል። ከባድ ከሆነ ሰው ጥሪ። እንደ ስንፍና የሚያይብሽ ካለ ይይ።

ሥራሽ ቁጭ ብሎ ከሆነ በየሰዓቱ ተነስተሽ ተንቀሳቀሺ። እርጉዝ ሴት ደሟ ቶሎ ይረጋል፤ ለረጅም ሰዓት አለመንቀሳቀስ እግር ውስጥ የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል። ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ አንድ እግርሽን ዝቅተኛ ነገር ላይ እያፈራረቅሽ አሳርፊ። ኬሚካል፣ የጸረ ተባይ መድኃኒት፣ ራጅ ወይም ከባድ ሸክም ያለበት ቦታ የምትሠሪ ከሆነ ለአለቃሽ ቶሎ ንገሪ። ሆድሽ እስኪታይ አትጠብቂ፤ ጥንቃቄ በጣም የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ቤት ውስጥ የድመት ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ይጥረግ፤ አፈር ስትነኪም ጓንት አድርጊ። ሁለቱም ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋስ ሊኖርባቸው ይችላል።

መኪና ውስጥ ቀበቶ አይቅር። የታችኛው ከሆድሽ ሥር፣ ዳሌሽ ላይ ይለፍ፤ የላይኛው በጡቶችሽ መካከል። ሆድሽ ላይ ካሰርሽው አደጋ ሲደርስ ጫናው ያለው ልጁ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማንም ሳያይሽ የምትሠሪው። ሽንት እንደሚቋጥር ሰው የታችኛውን ጡንቻሽን ጭምቅ አድርጊ፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ስታስነጥሺ ሽንት እንዳያመልጥሽና ከወለድሽ በኋላ ቶሎ እንድታገግሚ ይረዳሻል። እየሸናሽ ግን አትለማመጂው።

የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ብዙ ሴቶች አፍረው የማይጠይቁት ነገር ነው። ደም ካልፈሰሰሽ፣ የሽርት ውሃሽ ካልፈሰሰና ሐኪም ካልከለከለሽ ልጁን አይጎዳውም።

ደረጃ 7፦ ማታ ስትተኚ

ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎንሽ ተኚ። ግራም ቀኝም ይሆናል። በጀርባሽ ስትተኚ ማህፀንሽ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ለልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ካገኘሽው አትደንግጪ፤ ዞር በዪና ተኚ። ዋናው እንቅልፍ የምትጀምሪበት አቅጣጫ ነው።

አንድ ትራስ በጉልበቶችሽ መካከል፣ አንድ ከሆድሽ ሥር፣ አንድ ከጀርባሽ። የኋላው በእንቅልፍ ልብሽ እንዳትገለበጪ ይይዝሻል። ሌሊት ባትሽን ከሸመቀቀሽ እግርሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ። ለሽንት መመላለሱን ለመቀነስ ከመተኛትሽ በፊት ያለውን መጠጥ ቀንሺ እንጂ የቀኑን ውሃ አትቀንሺ። ሽንትሽ ካቃጠለሽ ተመርመሪ፤ ያልታከመ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የልጅሽን እንቅስቃሴ እወቂ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዣለሽ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን እንቅስቃሴው የሚታወቅሽ ብዙ ጊዜ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ከ16ኛው የሚጀምራትም፣ እስከ 24ኛው የምትቆይም አለች። እስከ 24ኛው ምንም ካልተሰማሽ ሐኪምሽን አሳውቂ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሆድ መላወስ ያለ ነገር ስለሆነ ብዙዎች ጋዝ ይመስላቸዋል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን ልጁ የራሱ ልማድ ይኖረዋል። አንዱ ከምሳ በኋላ ይነቃል፣ ሌላው አንቺ ልትተኚ ስትዪ። ያንን ልማድ ነው የምትለምጂው። ከሌላ ሴት ልጅ ጋር አታወዳድሪው።

እንዲህ አድርጊ፦

1. ልጁ ብዙ የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት ምረጪ።
2. በጎንሽ ጋደም በዪ። ስልክሽን ራቅ አድርጊ፤ ሥራ ላይ ስትሆኚ እንቅስቃሴው ሳይታወቅሽ ያልፋል።
3. ምት፣ መንፈራገጥ፣ መገላበጥ ሁሉንም ቁጠሪ። ስቅታ አይቆጠርም።
4. አሥር እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥር ይደርሳል።
5. በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ካልሞላ ወይም አሥር ሞልቶም «ዛሬ እንደ ወትሮው አይደለም» ካልሽ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ወይም ጣፋጭ በልቶ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ቤት ውስጥ የልብ ምት በሚያሰማ መሣሪያ ማዳመጥም አያስተማምንም፤ የራስሽን የደም ሥር ድምፅ የልጁ ሊመስልሽ ይችላል። ደግሞም ልብ እየመታ ልጁ ሊቸገር ይችላል።

«መውለጃዋ ሲደርስ ልጁ ቦታ ስለሚጠበው ዝም ይላል» የሚለውን አትስሚ። የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ከመርገጥ ይልቅ መገላበጥና መግፋት ይበዛል። መጠኑ ግን እስከ ምጥ ድረስ መቀነስ የለበትም። ሄደሽ ደህና ነው ቢሉሽ ማንንም አላስቸገርሽም። በማግሥቱ እንደገና ከቀነሰ እንደገና ሂጂ።

ደረጃ 9፦ ቤት ውስጥ ያለውን ሸክም ተካፈሉ

አባት ለምትሆነው አንተ። «ምን ላግዝሽ?» ብለህ አትጠይቃት፤ የደከመ ሰው ሥራ ማከፋፈልም ይደክመዋል። ሦስት ሥራ መርጠህ የራስህ አድርጋቸው። ለምሳሌ ውሃና ሸክም፣ ምግብ ማብሰል፣ የቀጠሮ ቀኖችን መያዝ። ከላይ ያሉትን የአደጋ ምልክቶች አንተም በቃልህ እወቃቸው። ራሷን ስታ ብትወድቅ የሚያውቃቸው ሰው አንተ ነህ።

አንቺ ደግሞ ስሜትሽን ተከታተዪ። ማልቀስና መናደድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተውሽ ወይም ፍርሃቱ ሥራ ካስፈታሽ ግን በክትትልሽ ላይ ንገሪያቸው። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ድባቴ ይታከማል፤ ካልታከመ ግን ከወሊድ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ደረጃ 10፦ በ36ኛው ሳምንት ቦርሳውን አዘጋጂ

ምጥ ቀድሞ ቢመጣ በጭንቀት ውስጥ ዕቃ መፈለግ እንዳይኖር ነው።

- ለአንቺ፦ የክትትል ካርድ፣ ከፊት የሚከፈት ልብስ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ሞዴስ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር
- ለልጁ፦ ሁለትና ሦስት ልብስ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ መጠቅለያ፣ ዳይፐር

ሌሊት ምጥ ቢመጣ በማን መኪና፣ ወዴት፣ ከማን ጋር እንደምትሄጂ አሁን ወስኑ። መንገዱ ምን ያህል እንደሚፈጅም እወቁት።

የውሸት ምጥ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ቦታ ስትቀይሪ ወይም ስታርፊ ይተውሻል። እውነተኛው እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየበረታ ይሄዳል። በየ5 ደቂቃው የሚመጣ፣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ፣ ለአንድ ሰዓት እንዲህ የቀጠለ ከሆነ ተነሺ። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ቀደም በዪ። የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂጂ፤ ሰዓቱንና ቀለሙን ያዢ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ሆድሽ ውስጥ ሰገራ ወጥቶት ሊሆን ስለሚችል አትቆዪ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

*ሰው ያዘዘውን መድኃኒት መውሰድ።* ለጎረቤትሽ የተሻላት ለአንቺ ላይሆን ይችላል፤ የእሷ ሳምንትና ያንቺ ሳምንት አንድ አይደለም።

*ደህና ስትሆኚ ክትትል መዝለል።* ቀጠሮ ካለፈሽ እስከሚቀጥለው አትጠብቂ፤ በማግሥቱ ሂጂ።

*እግር ስላበጠ ውሃ መቀነስ።* እብጠቱን አይቀንሰውም፤ የሆድ ድርቀትንና የሽንት ኢንፌክሽንን ይጨምራል። እግርሽን ከፍ አድርገሽ አሳርፊ፣ በጎንሽ ጋደም በዪ።

*ትንሽ ደም አይቶ ማለፍ።* ጠብታም ብትሆን ይነገራል። ሞዴስ አድርጊና ምን ያህል እንደሆነ እዪ፤ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አታስገቢ።

*ለብቻ ሆኖ ምጥ መጠበቅ።* ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻሽን የምትውዪ ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደውልልሽ ሰው መድቢ። ካላነሳሽ ወዲያው ወደ ቤትሽ እንዲመጣ ተስማሙ፤ የበሩን መለዋወጫ ቁልፍም ለሱ ስጪው።